ወርቁ በየት በኩል ነው?

ብረት የጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ገጹ ይወጠራል፤ አለዚያም ይላላል። ዓይን ይህን አያይም። በነቀምቴ የማስተርስ ተማሪ የሆነችው ብፅዓት ግን ከዚህ ሌላ ያየችው ነገር የለም። ኤሌክትሮዷ ከምላጭ የሳሳች ብረት ናት፤ አንዱ ጎኗ ወርቅ ተለብጧል፣ ሌላው ውሃ እንዳይነካው የጧፍ ሰም ተቀብቷል። ወርቁ ሲወጠር ብረቷ ወደ ወርቁ፣ ሲላላ ወደ ሰሙ ትጣመማለች። ብፅዓት በማይክሮስኮፕ ጠርዟን እያየች ጫፏ ወዴት እንደሄደ ትመዘግባለች። የጨለለቂ ሰፈር ጎረቤቶቿ «ሳይንቲስቷ» የሚሏት ለዚህ ነው።

የእሷ ብረት ታዲያ መጻሕፍቱ ከሚሉት በተቃራኒ ተጣመመች። አማካሪዋ ዶክተር ዋጋሪ መጀመሪያ ተቆጡ። ደግማ ለክታ ያው ሲሆን ደስታቸው ልክ አጣ። አዲስ ግኝት ነው ብለው አስወሩ፣ ከአዲስ አበባ ፈታኝ ጠሩ፣ እሷንም በመምህርነት ሊያስቀሯት ቃል ገቡ። ይህን ቦታ ከምንም በላይ ትፈልገው ነበር። ካልሆነ የሚጠብቃት አኖ የምትባለው ከተማ ያለው የአጎቷ ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ አትወድም።

የመመረቂያ ጽሑፏን በምታቀርብበት ቀን ጠዋት ብረቷን ለእንግዶቹ ልታሳይ አውጥታ ወለወለቻት። የወርቁ ነው ባለችው ጎን ላይ ጥፍሯ ሲያርፍ ሰም ተላጠ። መያዣው ላይ ስታስራት ገልብጣታለች ማለት ነው፤ በተቃራኒ የተጣመመችውም ለዚህ ነበር። የጧፍ ሰም ቢጫ፣ ወርቁም ቢጫ። ሰምና ወርቅ የሚያምታታው ቅኔ ቤት ብቻ ይመስላት ነበር። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ተነስታ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። «አካም ቡልቴ» ብለው በፈገግታ ተቀበሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ማን ያውቃል?» አሉ።

ምናልባት ተሳስተሽ ይሆናል ያሏት መሰላት። ተነስተው በሩን ሲዘጉ ግን ጥያቄ መሆኑ ገባት።

«እኔ አውቃለሁ፣ ዶክተር» አለች። «አሁን ደግሞ እርስዎም።»

ዶክተሩ ስልካቸውን አነሱ። ለፈታኙ ደውለው፣ ተማሪዋን ስላመማት ቀጠሮው ይተላለፍ አሉ። ብፅዓት እዚያው በጤናዋ ቆማ ሰማቻቸው።

እንደገና ለካች፤ ብረቷም መጻሕፍቱ እንዳሉት ተጣመመች። ተመረቀች። የመምህርነቱን ነገር ግን ዶክተር ዋጋሪ ዳግመኛ አላነሱትም፤ አሁን አኖ ስኳር ትመዝናለች።