የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን

መብሩካ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ስትወዳደር ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። ቡራዩ ውስጥ ቀለምና ቧንቧ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። የሰፈሯን ድልድይ የክረምት ጎርፍ ከወሰደው በኋላ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ብትመላለስ የሚሰማት አጣች። «እንግዲያው ራሴ ልግባበት» ብላ የግል እጩ ሆነች።

የመጀመሪያው አልሆነላትም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆማ በኦሮምኛ ንግግር ጀመረች። ኦሮምኛዋ የገበያ ነው፤ ስለ ዋጋ ሲሆን ይቀናታል፣ ስለ ሕግና ስለ በጀት ሲሆን ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አንድ ቃል ተሳሳተች፤ ሰው ሳቀ። የቀረውን እንዴት እንደጨረሰችው ዛሬም አታስታውሰውም። ያገኘችው ድምፅ ከዘመድና ከደንበኛ ብዙም አላለፈም።

ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ልወዳደር ስትል ልጇ ሉብና፣ «እማ፣ ያኔ የሳቁብሽ አይበቃም?» አለቻት።

የድጋፍ ፊርማ ልታሰባስብ ስትዞር ቀድመው የፈረሙላት ጎረቤቷ ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ እየተጫኑ፣ «ሳቁባት አሉኝ። ይሳቁ! አንቺ ብቻ እንዳትቀመጪ» አሏት።

በዚህኛው ዙር በርትታ ሠራች። ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዋ ላሊሴ ኦሮምኛዋን አቃናችላት። ወንዲ የሚባል ሹፌር ሚኒባሱ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የተቀዳ ድምጿን በየመንደሩ አዞረው። የምርጫ ምልክቷ ቁልፍ ነበርና ሚኒባሱ ሲያልፍ ባለሱቆቹ ቁልፋቸውን እያነሡ ያንሿሹላት ጀመር።

በቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ጠዋት የወይዘሮ የሺወርቅን ሞት ሰማች።

ፎቶዋ ያለበትን ቲሸርት አውልቃ፣ ጥቁር ሻሽ ጠምጥማ ለቅሶ ቤት ሄደች። የእድሩ ድንኳን ሞልቷል። ላሊሴ ጠጋ ብላ፣ «ይኼን ሁሉ ሰው ደግሞ የት ታገኚዋለሽ? እንዲያው ቀስ ብለሽ…» ስትል መብሩካ አፈጠጠችባት።

ትንሽ እንደቆየች ከመንገዱ ማዶ የራሷን ድምፅ ሰማች።

«ውድ የቡራዩ ነዋሪዎች! ቁልፍን ይምረጡ!»

ሙዚቃው ተከተለ። ወንዲ መርዶውን አልሰማም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። መብሩካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጣ መኪናው ፊት ቆመች።

«አጥፋው! አጥፋው ወንዲ! እማማ የሺ አርፈዋል!»

ወንዲ ደንግጦ አጠፋው። ገና ፊቷን ሳትመልስ ሌላ ጭፈራ መጣ። የትልቁ ፓርቲ እጩ፣ የተቀናቃኟ የኦቦ ብዙነህ አጀብ ነው። አጃቢዎቹ ሆን ብላ መንገድ የዘጋችባቸው መስሏቸው ጮኹባት። እሷ ግን ወደ ፊተኛው መኪና መስኮት ተጠግታ፣ ሳታስበው ኦቦ ብዙነህን በኦሮምኛ ለመነቻቸው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን፣ ማን እንዳረፉ፣ ልጆቻቸው ገና እየገቡ መሆናቸውን ነገረቻቸው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

«ማሎ ኦቦ፣ ማሎ» አለች በመጨረሻ እየተማጸነች።

ኦቦ ብዙነህ ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ። ቀስ ብለው ወረዱና ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ» አሉ በአማርኛ፤ «እኔም እገባለሁ።»

ሙዚቃው ቆመ። ሁለቱ እጩዎች ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከሰዓት በኋላም ቀብር ሄዱ። የቅስቀሳው ቀን እንዲሁ መሸ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ኦቦ ብዙነህ አሸንፈዋል። መብሩካ በራሷ ሰፈር ጣቢያ በልጣቸው ነበር፤ በጠቅላላው ግን ሁለተኛ ወጣች። ሽማግሌው ደውለው «በርቺ» አሏት። አመስግና ስልኩን ዘጋችና የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ አለቀሰች።

«ሁለተኛ እኮ ነሽ እማ፤ ያኔ የት ነበርሽ?» አለቻት ሉብና አቅፋት።

«ሁለተኛ የወጣ ጨፌ አይገባም።»

«ሦስተኛ ትወዳደሪያለሽ?»

መብሩካ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ዛሬ አትጠይቂኝ» አለች። «ዛሬ ተናድጃለሁ።»