ከቤኪ በፊት ባሕር የለም

ሁዳ እናቷን ባሕር ለማሳየት መኪናና ነዳጅ የሚበቃ መስሏት ነበር። ስህተቷ ለአንድ ሰው መናገሯ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ዋሲላ ከኮምቦልቻ አሜሪካ መጥተው፣ አትላንታ ጥግ ያለችው ክላርክስተን ከርመው፣ ሰኞ ሊመለሱ ነው። ባሕር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። የሚያማቸውን ጉልበት ሐርቡ ፍልውሃ እየነከሩ ነው እዚህ ያደረሱት። «ያች የሐርቡ ውሃ ይህን ያህል ከሠራች፣ ያ ሁሉ ባሕርማ ምን ያደርግ ይሆን?» ይላሉ። አትላንታ ደግሞ ስሟ ባሕር ባሕር ይላል እንጂ፣ ውሃው ያለው አራት ሰዓት ተነድቶ ሳቫና ማዶ ነው።

ሁዳ ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ እንኳ ሪሰርች የምታደርግ ሴት ናት። ስለ ባሕሩ ያልተነበበ አልቀራትም። ፓርኪንግ ከረፋዱ በፊት ይሞላል። ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ያልቃል። የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አያጣውም፣ መብረቅ ከመጣ ሰው ሁሉ ከውሃ ይወጣል። ጠርሙስ አይገባም። ጥላ ያልያዘ ይጠበሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሱብሒ፣ ከንጋት ሶላት በኋላ ወዲያው መነሳት ነው።

ይህን ሁሉ ያወራችው ለአክስቷ ልጅ ለሊና ብቻ ነበር። ሊና ለሌላው ነገረች፤ ሐሙስ ሲመሽ ጉዞው የወይዘሮ ዋሲላ መሸኛ ሆኖ፣ የራሱ የስልክ ግሩፕ ተከፍቶለት አደረ። ሁዳ ምክሯን እዚያ ላይ ለጠፈችው። ጋሼ ሙሀመድሰዒድ፣ ታክሲም ኡበርም ነድተው ያረጁት የሰፈሩ ሽማግሌ፣ በጽጌረዳ ሥዕል መለሱላት። ሊና ደግሞ «ሪላክስ አድርጊ እህቴ፣ ቢች ነው እንጂ ኤግዛም አይደለም» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ክላርክስተን ካለው የሱቆች ግቢ ተሰበሰበ። ያልመጣው ለጥላ የሚሆነውን ድንኳን የሚያመጣው ወዳጃቸው ቤኪ ብቻ ነው። ቤቱ ከከተማው ማዶ፣ ማሪዬታ ነው።

«ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» አለ በስልክ። ከድምፁ ጀርባ የሻወር ውሃ ይንፎለፎላል።

ሁዳ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ እኛ እንቅደም። እሱ ጂፒኤስ አለው።»

«ለኔ ብሎ ከሥራ የቀረ ልጅ ጥዬ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ባሕሩ አይጠብቀንም።»

«ባሕር ደግሞ ወዴት ይሄዳል?» አሉ ጋሼ ሙሀመድሰዒድ፣ መኪናቸውን ተደግፈው።

«ይሄዳል፣ ጋሼ። በቀን ሁለቴ ሄዶ ይመለሳል። የላክሁልዎትን አላነበቡትም?»

«ከተመለሰማ ምን ቸገረን?»

ቤኪ ፀሐይዋ ጠንክራ ሳለ ደረሰ። እንዳትሰድበው ደግሞ አንድ በርሜል የሚያህል ሥጋ ይዟል። «እትዬ ዋሲላ እንዲበሉ ብዬ ሐላል ሉካንዳ እስኪከፈት ቆሜ፣ አስጠብሼ ነው» አለ። ክርስቲያን ሆኖ ይህን ማሰቡ ወይዘሮ ዋሲላን አስለቀሳቸው፤ ምርቃቱ ራሱ ጊዜ ወሰደ።

ጋሼ ሙሀመድሰዒድ ሕግ አወጡ፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። ስለዚህ አንዱ ነዳጅ ሲቀዳ ሁሉም ቆመ። ሊና ሽንት ቤት ስትገባ ሁሉም ቆመ። ዙህርን ሰገዱ፣ መቼም እሱ ግድ ነው፤ ከዚያ ግን «ለቅምሻ» ተብሎ ድስት ተከፈተ። ሁዳ መሪዋን ይዛ የስልኳን ሰዓት ታያለች፤ ሰዓቱ ደግሞ እንደ ሰዎቹ አይቆምም።

ሲደርሱ ፓርኪንጉ ጢም ብሏል። እንደ ሠርግ አጀብ ተከታትለው፣ ክላክስ እየተነፋባቸው መዞር ያዙ።

«እማ፣ እዚህ ላውርድሽና ፓርክ አድርጌ ልምጣ።»

«ብቻዬን? ሁላችንም አንድ ላይ እንወርዳለን።»

መኪናዎቹ ሁሉ ቦታ ያገኙት ከባሕሩ ርቆ ነው። ወይዘሮ ዋሲላ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ አዘገሙ። የአሸዋውን ጫፍ ሲረግጡ ሰማዩ አጉረመረመ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ሰው ሁሉ ወደነሱ መሮጥ ጀመረ።

ወይዘሮ ዋሲላ ከሣሩ ማዶ ያለውን ግራጫ ነገር አዩ። «ያ ነው?»

«ያ ነው፣ እማ።»

«ትልቅ ነው» አሉና ተመለሱ።

ዝናቡ እስከ ማታ አላባራም። ሥጋውን መኪና ውስጥ በሉት። ጋሼ ሙሀመድሰዒድ «ዋናው አብሮነቱ ነው» ሲሉ ሁዳ መልስ እንዳያመልጣት አጥንት ጋጠች። እንደተመለሱ ግን ቤኪን «አንተ ነህ ጉድ የሠራኸን» አለችው፣ ሰው ፊት። ቤኪ አንገቱን ደፋ።

እሑድ ሱብሒን እንደሰገዱ እናቷን መኪና ውስጥ አስገባች። የቀራቸው ይች ቀን ብቻ ናት። «ለማንም አንናገርም» አለች። ወይዘሮ ዋሲላ በመስኮቱ አሻግረው ያዩ ጀመር።

«እማ። ለማን ነገርሽ?»

«ለሙሀመድሰዒድማ አልነገርኩም። እሱ ሰው ሳይሰበስብ አይነሳም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለቤኪ። ትናንት በኔ ምክንያት ተሰድቦ አድሮ፣ ዛሬ ተደብቄው ብሄድ አላህ ይወደዋል?»

ሁዳ ነዳጁን ረገጠች። የሱቆቹን ግቢ ሳትቆም፣ ዞር ብላም ሳታይ አለፈችው። ቤኪ እዚያ ይጠብቅ፤ እሷም ትናንት ጠብቃለች።

አትላንታን ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ ስልኩ ጠራ። ቤኪ ነው። ከጀርባው ውሃ ይንፎለፎላል።

«ዛሬም ሻወር ውስጥ ነህ?» አለችው።

«የምን ሻወር? ባሕሩ ነው፤ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ። ያ የላክሽው ሁሉ ልክ ነው ለካ፣ በጠዋት ፓርኪንጉ ባዶ ነው። ድንኳኑን ተክያለሁ። አጠገቤ ያለውን ቦታ ለእናንተ በወንበር ይዤላችሁ፣ አሁን የሚመጣው ሰው ሁሉ እየተቆጣኝ ነው። የት ደረሳችሁ?»

ሁዳ የመንገዱን ምልክት አየች። ገና የመንገዱ ሲሶ ላይ ያለችው ሜከን እንኳ አልደረሱም።

«ደርሰናል፣ ደርሰናል» አለች።

ወይዘሮ ዋሲላ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ንጂዋ እንግዲህ» አሉ። «ልጁን ፀሐይ ላይ አታቁሚው።»