ነጩ ጨርቅና የባሌ ማጅራት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እለቅማለሁ፣ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ሲጠፋም እጨቃጨቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ፣ ሳይቦረሽና ሳይተኮስ ከደጃችን የወጣ ልብስ የለም። በዚህ ነገር ባሌ ቀልድ አያውቅም። የራሱ ሱሪ ላይ ያለችው የተኩስ መስመር ስለት አላት፤ ሽንኩርት ትከትፋለች እያልኩ እስቅበታለሁ።

ልጃችን የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ የፎቅ ልጆች ናቸው፤ ሣር የሚያውቁት አደባባይ መሃል፣ ያውም "መርገጥ ክልክል ነው" ከሚል ሰሌዳ ጋር ነው። ከከተማው ጫፍ ያለው ኮረብታ ላይ እወስዳችኋለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ርዕሰ መምህሩ ግን እምቢ አሉ።

"መዥገር አለ" አሉ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጃቸው ትንሽ ሳለ መዥገር ነክሶት፣ በትኩሳት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቷል። ልጁ ድኖ፣ አድጎ፣ ዛሬ እሱ ራሱ የልጆች አባት ነው። አባትየው ግን ከዚያ ወዲህ ሣር ረግጠው አያውቁም ይባላል።

ልጄ ደግሞ በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። መዥገር የሚፈራ ሰው ላይ እንደ መዥገር ተጣበቀችባቸው። ሲሰለቻቸው እንዲህ አሏት፦ "እሺ። መዥገሩ ኮረብታው ላይ የት እንዳለ፣ ልጆቹስ በየት እንደሚሄዱ በማስረጃ አሳዪኝ። ፎቶ አልቀበልም፤ በዐይኔ ልየው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ካልሆነ የኮረብታው ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳ።"

ማታ ራት ላይ ነገረችን። "መዥገር አይዘልም፣ አይበርም" አለች። "ሣር ጫፍ ላይ ይወጣና የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። የነካውን ይይዛል፤ ከዚያ ጉዞው ሽቅብ ነው።"

"ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው በያ" አልኳት።

"በትክክል፣ እማዬ። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ ሣሩ ላይ ስንጎትት ሰው ወይ ከብት መስሎት ይሳፈራል። ነጭ ላይ ደግሞ መደበቂያ የለውም።"

ባሌ ነገሩ የጨርቅ መሆኑን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ለገበር ከተረፈን ፀጉራም ነጭ ጨርቅ ሁለት ቆረጠ፤ ጫፋቸውን አጥፎ ሰፍቶ ዱላ አስገባላቸው። እኔ ለረጅሙ ሣር የሚሆነው ላይ ቀይ ክር፣ ለመንገዱ የሚሆነው ላይ ሰማያዊ ክር ጠለፍኩ።

ዓርብ ማለዳ ሦስታችን ኮረብታው ሥር ከታክሲ ወረድን። ልጄ ነጣ ያለ ልብስ፣ ረጅም እጅጌ ለብሳለች፤ የሱሪዋን ጫፍ ካልሲዋ ውስጥ ከታለች፤ ጫማዋ ላይ ነፍሳት የሚያባርር መድኃኒት ነፍታለች። እኔንም እንዲሁ አደረገችኝ። ወደ አባቷ ስትዞር አጅሬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ካልሲ ውስጥ? ይህንን ሱሪ?"

"አባዬ፣ ሽቅብ እንዳይገባብህ እኮ ነው።"

"እኔ ሱሪ የምሰፋው ካልሲ ውስጥ ልጎሰጉሰው አይደለም" አለና ተኩሱን እያየ ሄደ።

በመጀመሪያ ሰማያዊውን በታጨደው ሰፊ መንገድ ላይ ጎተትነው። አንድም የለም። ከዚያ ቀዩን ከመንገዱ ዳር እስከ ጉልበት በሚደርሰው ሣር ላይ ጎተትነውና ገለበጥነው። ሰባት ነበሩ፤ ትንንሾች፣ ጥቁርና ቡናማ፣ ረጋ ብለው የሚሄዱ። ልጄ በደስታ አቀፈችኝ። በመዥገር እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። ጨርቆቹን ጠቅልላ ክዳን ባለው ሳጥን ከተተቻቸውና ለአባቷ ሰጠችው።

ከመመለሳችን በፊት ከጆሮዬ ኋላ፣ ከብብቴ፣ ከወገቤ፣ ከጉልበቴ ሥር አንድ በአንድ አየችኝ። ባሌን ልታይ ስትል "ሌባ ነኝ እንዴ የምፈተሸው?" ብሎ ቀድሞን ወረደ። እሷ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ እኔ ዚፕ ልገዛ ገበያ፣ እሱ ሳጥኑን ይዞ ወደ ሱቃችን ሄድን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተገናኘን። ልጄ በኩራት ሳጥኑን ከፈተች። ሁለቱ ጨርቆች ዱላቸው ወጥቶ፣ አራት ቦታ ታጥፈው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው፣ ወተት መስለው ተቀምጠዋል። ቀይ ክር ያለበትን ዘረጋችው። እንኳን መዥገር አቧራ የለበትም።

"አባዬ?" አለች።

"ቆሽሾ ነበር" አለ ባሌ። "ደጅ አራገፍኩት፣ ቦረሽኩት፣ ተኮስኩት። ታዲያ እንደዚያ ሆኖ ለትልቅ ሰው ይሰጣል?"

አመል ያወጣል ከመሃል ይላሉ። የዛሬው አመል ግን ባለቤቱን ትቶ ልጃችንን ነው ያወጣው። ርዕሰ መምህሩ ጨርቁን ገልብጠው አዩት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ዋሽተሻል አልልም" አሉ በቀስታ። "ግን ለልጆቹ ወላጆች የማሳየው ነገር የለኝም። ይቅርብን።"

የልጄ ዐይን እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ ለባሌ የምለውን በልቤ እየደረደርኩ ከወንበሩ ኋላ ቆሜያለሁ። እሱ አንገቱን ደፋ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። አንገቱን ሲደፋ ኮሌታው ዝቅ አለና ማጅራቱ ላይ፣ ፀጉሩ ከሚያልቅበት፣ የምስር ፍሬ የማታክል ጥቁር ነገር አየሁ። እግር ነበራት።

"እጅ ከፍንጅ" አልኩ። "ማስረጃው ተገኝቷል። ባሌ ለብሶት ነው የመጣው።"

ርዕሰ መምህሩ መጥተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። መሳቢያቸውን ይበረብሩ ጀመር። "ክብሪት… ክብሪት ነበረኝ። የኔን ልጅ መዥገር በክብሪት ነው ያቃጠልነው።"

"አይ ጋሼ፣ እሳትም ቅባትም አይሆንም" አለች ልጄ። "ሲጨነቅ የያዘውን በሽታ ወደ ሰውነት ሊተፋ ይችላል።" ከቦርሳዋ ጫፈ ቀጭን ወረንጦ አወጣች። ቆዳው ድረስ ተጠግታ ያዘችው፤ ሳታጣምም፣ ሳትቸኩል ቀጥ አድርጋ ሳበች። ወጣ። ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያው መራመድ ጀመረ። አራታችንም አጎንብሰን አየነው።

ማጅራቱን በውሃና በሳሙና አጠበችለት። "አባዬ፣ በነዚህ ሦስት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ካየህ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።"

"ይኸው ነው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"በጊዜ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፣ ጋሼ። ትልቁ ነገር ማየት ነው።"

ጨርቁ ላይ የሚራመደውን መዥገር እያዩ፣ "የኔን ልጅ ማንም አላየውም ነበር" አሉ። "መዥገሩ ጆሮው ሥር አራት ቀን ኖሯል። እኔ አባቱ አላየሁትም።" ከዚያ የጉዞውን የፈቃድ ወረቀት ስበው ፈረሙ። "እኔም እመጣለሁ፤ ለቁጥጥር።"

ሳይደግስ አይጣላም፤ ደጃችን ላይ ያራገፋቸው ሰባቱ ያልሠሩትን አንዱ ሠራው። ባሌም ደህና ነው፤ ትኩሳት የሚባል አልነካውም።

በሳምንቱ ልጆቹ ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተው በታጨደው መንገድ ሲወጡ ከፊት ባሌ ነበር፤ የእሱም ሱሪ ካልሲው ውስጥ ነው። ልጆቹ ሮጡ፣ ዘፈኑ፣ ከተማቸውን ከላይ አይተው ቤታቸውን በጣት ተጠቋቆሙ። ርዕሰ መምህሩ ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ መሃል ንቅንቅ አላሉም።

ሊመሻሽ ሲል ልጄ "ጥንድ ጥንድ ሁኑ፣ ተያዩ" አለች። አርባ አንድ ስለሆኑ አንዲት ልጅ ተረፈች። ግራ ቀኝ አየችና ርዕሰ መምህሩ ፊት ሄዳ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔን የሚያየኝ የለም። እርስዎንስ?"

"እኔንም የለም" አሉ።

"እንግዲያው ዝቅ ይበሉልኝ።"

ቁመታቸው ረጅም ነው። ቀስ ብለው በጉልበታቸው ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ልጅቷ ከጆሮአቸው ኋላ፣ ማጅራታቸውን፣ ኮሌታቸውን ገልጣ እንደ ሐኪም አየች። "ንጹህ ነዎት። አሁን እኔን።"

ጉንጉኗን በሁለት ጣታቸው አንስተው ጆሮዋ ሥር አዩ። አንዱን ጨርሰው ሌላውን አዩ። ተመልሰው የመጀመሪያውን እንደገና አዩ። ሌሎቹ ልጆች ጨርሰው ሲጫወቱ እሳቸው ገና እያዩ ነበር፤ ልጅቷም ታጋሽ ነበረች፤ ዝም ብላ ቆመችላቸው።

"ንጹህ ነሽ፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፤ ጉንጉኗንም በቦታው መለሱላት። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።