ከስፖርቱ በኋላ አንድ ጠርሙስ

እናቴ መስኡዳ ስፖርት የጀመረችው የስኳር መርፌዋ ባለቀ ሰሞን ነው። ጂዳ ያለችው እህቴ ሱረያ በላከችው ቴሌቪዥን ፊት ቆማ፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ እጆቿን ወደ ላይ ትሰቅላለች። «ንቁ ቅዳሜ» የሚባለውን ፕሮግራም የሚያቀርበው አንድ የለስላሳ ፋብሪካ ነበር። አሰልጣኙ ደረቱ ላይ የጠርሙስ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሶ ይዘላል፤ ሲጨርስ አንዱን ከፍቶ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል።

«ከተንቀሳቀሳችሁ ስኳሩ በላብ ይወጣል! ጥማችሁን ስሙት!» ይላል።

እናቴም ሰማችው። የሚያስጠማት ራሱ ስኳሩ እንደሆነ ብነግራት፣ «አንተ ደግሞ! ጡንቻውን አታየውም? ውሸታም ሰው እንደዚያ ይጠነክራል?» አለችኝ። ዘለለች፣ ጠጣች፤ ባሰባት፣ ደግማ ጠጣች።

ጊዜው ጦርነቱ እየቀረበን የመጣበት ጥቅምት ነበር። ከወልዲያ በኩል የተፈናቀለው ሰው መንገዱን ሲሞላው የከተማችን የሐይቅ መድኃኒት ቤቶች ተራ በተራ ዘጉ። በውጫሌ አቅጣጫ መድፍ ሲያጓራ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። እኔን ግን ከመድፉ ይልቅ ከጓዳ የሚሰማኝ የቆርኪ ድምፅ ነበር የሚያስደነግጠኝ።

ሐሙስ ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ለሰላም ዱዓ ተሰበሰቡ። በእኛ ዘንድ ዱዓ ባዶ እጅ አይኬድም። በቤት የተጠመቀው የገብስ ቡቅሬም ለስላሳውም ሸሁ ፊት ይቀመጣል፤ ይመረቃል፤ ከዚያ ለበረካ ይታደላል። የተመረቀ ነገር ሲሰጡህ እምቢ አይባልም። እናቴ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስይዛ ልትሄድ መሆኑን ሳውቅ ቀድሜ ወደ ሸሁ ሮጥኩ።

«ሸህ፣ እናቴን ይከልክሉልኝ። እኔን አትሰማም» አልኳቸው።

ሸህ ዘይኑልአቢዲን ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔስ ቴሌቪዥኑን የማሸንፈው ይመስልሃል?» አሉና ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ተዉት። «መርፌዋስ?»

«አልቋል።»

ዱዓው አልቆ ማደል ሲጀመር ሳጥኑን ወደ በሩ አስገፉት። «ይሄ መንገድ ላይ ላሉት ተፈናቃዮች» አሉ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ላይ ቁርአን ቀርተው እፍ አሉበት። «መስኡዳ፣ ያንቺ በረካ ይሄ ነው። እስክትረኪ ጠጪ።»

«ሸሁ ስፖርተኛዋን ቀጧት!» አለች ጎረቤታችን ሀያ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እናቴም እየሳቀች ጠጣች። ደገመች። ሰለሰች። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ጆጉ ተገለበጠ። እናቴ ባዶውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ልጄ፣ አልረካሁም» አለች። «ወላሂ ፈራሁ።»

ጠጋ ስላት ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተኝ። ሸሁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ደሴ ውሰዳት። አሁኑኑ።»

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። ረዳቱ «ቦታ የለም! የለም አልኩ!» ሲል፣ አንዲት ሴትዮ ልጇን ጭኗ ላይ አንስታ እናቴን አስቀመጠቻት። እኔ በሩ ሥር ተጣጥፌ ቆምኩ። እንቅልፍ እንዳይወስዳት ብዬ ስሟን እጠይቃታለሁ።

«ስምሽ ማነው?»

«መስኡዳ። አበድክ እንዴ?»

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኳት።

«መስ…»

ከዚያ በኋላ ብጠይቃትም አልመለሰችልኝም።

ደሴ ሐኪም ቤት ዕቃ እየታሸገ ነበር። አንዲት ነርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ የተረፈች ብልቃጥ አገኘች። መርፌውን ወጋቻት፤ በሌላው ክንዷ ፈሳሽ ሰቀለችላት። «አሁን ጠብቅ» ብላኝ ሮጠች።

ጠበቅኩ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ውሃ» አለች።

ብርጭቆውን ሰጥቻት ጉሮሮዋን አየሁ። አንዴ ዋጠች፣ ደገመች። ከዚያ ከአፏ አራቀችው። ግማሹ ተርፎ ነበር።

«በቃኝ።»

ከውጭ «ሐይቅ ገቡ!» የሚል ጩኸት መጣ። በኮሪደሩ አልጋ እየገፉ የሚያልፉ ሰዎች መንገድ ልቀቁ ይላሉ። ፈሳሹ ገና አላለቀም።

«መራመድ ትችያለሽ?» አልኳት።

እናቴ እግሮቿን አየቻቸው፤ ከዚያ አንዱን ከአልጋው ወደ ወለሉ አወረደች።