ጣሪያው ላይ የሚጻፍ ሰዓት

ቹንሺክ በሴኡል አሮጌው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ ግን እሾህ። ሚስቱ ኦክቡን በስትሮክ ከተመታች ወዲህ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ከማየት በቀር የሚቻላት ነገር አልነበረም። ከንግግሯ የተረፈላትም ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ስንት ሰዓት?»

ቀኑን ሙሉ የሱን ከሱቅ መመለስ ስትጠብቅ ትውላለችና፣ ጣሪያው ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሊሠራላት ተነሣ።

ከአሮጌ ስፒከር ሁለት የሽቦ ጥቅልል አወጣና በእያንዳንዱ ላይ የጥፍር ያህል መስታወት ለጠፈ። አንደኛው የሌዘሩን ጨረር ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወረውረዋል። ቀዩ ነጥብ ከመፍጠኑ የተነሣ ዓይን ነጥብ ማየቱን ትቶ ቁጥር ያያል። መጀመሪያ ላይ ግን ከቁጥር ወደ ቁጥር ሲዘል መሥመር ጥሎ ያልፍ ነበር።

«ይሄ ሰዓት ነው ወይስ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ?» ብሎ ሳቀበት የጎን ባለሱቁ ባንግ። «ደግሞስ የግድግዳ ሰዓት በየሱቁ ሞልቶ!»

«ግድግዳውን ማየት ብትችልማ» አለው ቹንሺክ፣ ቀና ሳይል።

ጨረሩ በሚዘልበት ቅጽበት እንዲጠፋ ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ቤት ወስዶ መጋረጃውን ሲዘጋው 2:40 ጣሪያው ላይ ቀላ። ኦክቡን በሚታዘዝላት በግማሽ አፏ ሳቀች። ስምንት ቀን ሙሉም ስንት ሰዓት ብላ አልጠየቀችም። ማታ በሩን ሲከፍት ዓይኗ እስከቻለው ድረስ ወደ በሩ ዞሮ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

በዘጠነኛው ቀን ታላቅ እህቱ ማልሱን ከወደብ ከተማዋ ከሞክፖ ደረቅ ዓሣ ተሸክማ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጮኸች።

«አንተ የማትረባ! ራስጌዋን ወደ ሰሜን አድርገህ ታስተኛታለህ? እንዲያ የሚያስተኙት ሬሳ ነው፤ ሬሳ ናት እንዴ?»

«ሶኬቱ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ሶኬትህን ብላው! በል ያዝ!»

ቹንሺክ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ባይ ነው። ግን ሚስቱ አልጋ ላይ ወድቃ ማን ይደፍራል? አልጋውን ሁለት ሆነው አዞሩና ራስጌዋን ወደ ደቡብ አደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦክቡን እንደገና መጠየቅ ያዘች። እሱ ከግርጌዋ ተቀምጦ የሩዝ ገንፎ ያበርድላታል፣ እሷ «ስንት ሰዓት?» ትለዋለች። ቀና ብሎ አይቶ ይነግራታል። ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቃለች። ልፋቱን የናቀችበት መሰለውና በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ወረወረው።

«አንቺ ሴት፣ አንድ ወር ዓይኔን ያፈሰስኩት ለዚህ ነው? እላይሽ ላይ ተጽፏል እኮ! አንብቢው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ኦክቡን ዓይኗን ጨፈነች፤ ዳግመኛም አልጠየቀችውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ እሱ ሱቅ ሳለ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ በኪራይ የመጣውን አልጋ ሊወስዱ ሰዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ቹንሺክ እየጠበቃቸው ድካም ጣለውና እሷ በተኛችበት ላይ ጋደም አለ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነበር። ወደ ላይ ቢያይ የተጻፈው ነገር ቁጥር አልመስል አለው። መስታወቱ የተበላሸ መስሎት ተነሥቶ ከግርጌ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ 4:02፣ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ተመልሶ ተኛ። ተዘቅዝቋል።

ያን ጊዜ አልጋውን ያዞሩበት ቀን ትዝ አለው። አልጋው ሲዞር ሰዓቱ እንዳለ ቀርቶ ነበር። ማንበብ ስላልቻለች ነበር የጠየቀችው፤ ይህን የምትነግርበት ቃል ደግሞ አልነበራትም። ቹንሺክ ትራሷን አፉ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ቆይቶ ተነሣና መፍቻውን አነሣ። ቁጥሩን ለመገልበጥ የየጥቅልሉን ሁለት ሁለት ሽቦ ማቀያየር ብቻ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ። አቀያየራቸውና ተመልሶ እሷ ቦታ ላይ ተኛ።

«አራት ከሩብ ነው፣ የሚንጁ እናት» አለ በልጃቸው ስም እየጠራት፣ ጮክ ብሎ። «አራት ከሩብ።»

ደቂቃው ሲለወጥም ነገራት። ባለ አልጋዎቹ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ሳያቋርጥ ይነግራት ነበር።