የወፍጮ ቤቱ አምስት አንባቢዎች

መጽሐፍ አዋሹ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ መዝገቡን ይከፍትና የአምስት መጻሕፍትን መመለሻ ቀን ያራዝም ነበር። አምስቱም ያሉት ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። «ተራዝሟል» የሚለውን ማኅተም አምስት ጊዜ ያሳርፋል፤ ከዚያ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን ያያል። የሚያየው ግን አልነበረም። የቤተ መጻሕፍት ቢሮው አሁን የሰጠው ሥራ ከመጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀደዱ መጻሕፍትን መጠገን ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ቢቀደድም አያወራም። ማታ የሚገባው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ወደተከራያት ቤት ነው። አንዲት ወንበር አለችው። ሁለተኛ ወንበር የሚያስገዛ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

መኪናዋ እያለች እንዲህ አልነበረም። ሆዷን በመጽሐፍ መደርደሪያ የሞላች አሮጌ አውቶቡስ ይዞ ሰባት ዓመት ሙሉ ገጠር ለገጠር ዞሯል። ሾፌሩን ሰው ሁሉ «ጡሩምባ» ነበር የሚለው፤ መንደሩ ገና ሳይታይ ከዳገቱ ጀምሮ ስለሚያስጮኸው። ጡሩምባ ሳይወርድ ነው ከሰው የሚግባባው፤ በመስኮት የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ጠይቆ ይጨርሳል። አዋሹ ስም ይጽፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ «ቀኑን እንዳይረሱ» ይላል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። መኪናዋ ስትነሳ እጅ የሚወዛወዘው ለጡሩምባ ነው።

ከወፍጮ ቤቱ በቀር። ወፍጮ ቤቱ የመንገዱ ጫፍ ነበር። ባለወፍጮው መኪናዋን ከሩቅ ሲያዩ ሞተራቸውን ያጠፋሉ፤ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ይወጡና፣

«መጣህ? ደግሞ ከሳህ! ከተማ ውስጥ የሚበላ ጠፋ እንዴ?» ይሉታል።

ጡሩምባ ከመኪናው ሥር ገብቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሁለቱ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቁጭ ብለው ምሳ ይበላሉ።

የቢሮው ደንብ አጭር ነበር፤ አምስት አንባቢ የሌለው ማቆሚያ ይሰረዛል። ድሮ በወፍጮ ቤቱ አምስት ሰው ያነብ ነበር፤ ባለወፍጮው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና ሴት ልጃቸው። ልጆቹ አንድ በአንድ ከተማ ገብተው ቀሩ። ከዚያ ባለቤታቸው አረፉ። በሚቀጥለው ወር አዋሹ መዝገቡን ታቅፎ ምን እንደሚል ጨንቆት ሲቆም፣ ባለወፍጮው አምስቱን የአንባቢ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣

«የእሷን የበሽታና የመድኃኒት መጽሐፍ እንዳትረሳ» አሉት።

አዋሹ ቀና ብሎ አያቸው። አምስቱንም ስም ጻፈ። ለእሳቸው ስል ነው፣ አለ በልቡ፤ ብቸኛ ሰው ናቸው፣ ይህም ከቀረባቸው ምን ይተርፋቸዋል?

ከዚያ ወዲያ በየወሩ ወሬው ደራ።

«ልጅቷ ተናዳለች» ይላሉ ባለወፍጮው፣ የልጃቸውን መጽሐፍ እየመለሱ። «ተዋደው ተዋደው ሳይጋቡ ቀሩ አይደል? ደራሲውን ባገኘው ጆሮውን ነበር የምቆነጥጠው ብላለች።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሷማ ከሐኪሙ ጋር ተጣልታለች። በዚህ መድኃኒት እንኳን ኩላሊት ጉንፋንም አይድን ትላለች።»

ይስቃሉ። ኋላ ኋላ ግን ነገሩ ይዛነፍ ጀመር። ሐኪም በሌለበት መጽሐፍ በወሬያቸው ሐኪም ይገባል። በየገጹ የዱቄት ጣት ታትሞባቸው ይመለሱ የነበሩት መጻሕፍትም ንጹሕ ሆነው መምጣት ያዙ። እጃቸውን መታጠብ ለመዱ ማለት ነው፣ ብሎ አለፈው።

በሰባተኛው ዓመት አንዲት ተቆጣጣሪ ከቢሮ ተልካ አብራቸው ተሳፈረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጠያቂ ነበረች። ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ መዝገቡን አየች፣ ቀጥላ ግቢውን አየች።

«አምስቱ የታሉ?»

አዋሹን ላብ አጠመቀው። «ሴትየዋ... ገበያ ሳይሆኑ አይቀሩም...»

«ተው ልጄ፣ አታውቅበትም» አሉ ባለወፍጮው። ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሩ። «ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የኔ እመቤት። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ልጆቼም ሄደዋል።»

«ታዲያ አምስቱንም የሚያነቡት እርስዎ ነዎት?»

«መጀመሪያማ አዎ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኔ ከዳኝ። ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖብኛል።»

«ካላነበቡ ለምን ይዋሳሉ?»

ባለወፍጮው እዚያ የሌለ ይመስል አዋሹን በአገጫቸው አመለከቷት። «ለእሱ ብዬ ነዋ! ማቆሚያው ከተሰረዘ ማን ጋ ይሄዳል? ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚበላው በወር አንዴ፣ እዚህ ነው። ሌላ ቦታማ ከመኪናው አይወርድም አሉ።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ጡሩምባ ከመኪናው ሥር፣ ተኝቷል ሲባል።

አዋሹ ጫማውን አየ። አራት ዓመት ሙሉ ደንብ የጣሰው፣ በስተርጅና ብቻቸውን ለቀሩ ሰው ሲል ነበር የመሰለው። ለካ የሚታዘንለት እሱ ኖሯል! ፊቱ ጋለ። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«ከልቤ አዝናለሁ» አለችና ማቆሚያውን ሰረዘችው።

አዋሹ ሳይሰናበት ተሳፈረ። መጻሕፍቱን መሰብሰብ ያሰበ አልነበረም፤ አምስቱም እዚያው ቀሩ።

በዚያው ዓመት መኪናዋም አርጅታ ቆመች። ቢሮው «ጠፍተዋል ብለህ ጻፍና ይቅርላቸው» ቢለው «አመጣቸዋለሁ» አለ። አንድ እሑድ ጠዋት መኪና ተራ ሄዶ ተሳፍሮም ነበር። ሊነሳ ሲል ወረደ። ምን ብሎ ይገባል? ይቅርታ ሊል? ደግሞስ መጻሕፍቱን ካመጣ በኋላ በምን አሳቦ ይመለሳል? እዚያ እስካሉ ድረስ ግን የሚሄድበት ጉዳይ አለው። ስለዚህ አራዘመ። አሥራ አንድ ጊዜ አራዘመ።

በአሥራ ሁለተኛው ሰኞ ማኅተሙን ቀለም እያስነካ ሳለ ጡሩምባ ዘው አለ። አሁን የእህል ጭነት መኪና ነው የሚነዳው።

«አንተ አይጥ! ዛሬም ጉድጓድህ ውስጥ ነህ? እንካ፣ ሽማግሌው ልከውልሃል።»

በጆንያ ጨርቅ የተቋጠሩ መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አዋሹ ቋጠሮውን ፈታ። አለቀ፤ ከዚህ በኋላ የሚራዘም ነገር የለም። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አነሳቸው። ደግሞ አነሳቸው።

«አራት ናቸው።»

«አራት ናቸው።»

«አምስተኛውስ?» አለ አዋሹ።

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ፣ ዓይኔም አያይ፤ ራሱ መጥቶ ይፈልገው› አሉ።» ጡሩምባ ሳቁን ዋጠ። «ይህን ሲሉኝ መጽሐፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።»

አዋሹ አራቱ ላይ «ተመልሷል» ብሎ መታ። ከአምስተኛው መስመር ሲደርስ ማኅተሙን አየት አደረገና አስቀመጠው።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«አሁን ነዋ፤ ሞተሩን እኮ አላጠፋሁትም።»

«ታዲያ... ባዶ እጄን?»

«ሆድህን ይዘህ ና» አለው ጡሩምባ፣ ቀድሞት እየወጣ።