የቆመው ጭልፋ

«ዱቄቷ» የሚል ቅጽል የወጣላት ቅንድቧ ከዱቄት ጠርቶ ስለማያውቅ ነበር። በአሳማ እርባታው አስራ ሁለት ዓመት መኖ ቀላቅላለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሠራተኞቹ ስሙን የሚጠሩት እየተሳሳቁ ነው። እሷም በረት እያጠበች ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች።

ገና ከእናታቸው ጡት የተለዩ የአሳማ ግልገሎች ሆዳቸው እህል መፍጨት አልለመደም። ስለዚህ የገብስ ገንፏቸው ላይ የኢንዛይም ዱቄት ይነሰነስላቸዋል፤ እህሉን አስቀድሞ እየፈታ፣ ገንፎውን እያቀጠነ ያቀልላቸዋል። ዱቄቷ ገንፎው ከእሳት ወርዶ፣ የእጇን ጀርባ አስነክታው ሳያቃጥላት ሲቀር ካልሆነ በቀር አንዲት ቁንጣሪ አትጨምርም ነበር።

አምና አዲሱ የእንስሳት ሐኪም ሲመጣ ይህ መጠበቋ አንገበገበው።

«በሚንተከተከው ላይ ጨምሪው። ሙቀት ጀርም ይገድላል» አላት።

«ዶክተር፣ ኢንዛይሙንም ይገድለዋል።»

«ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

እንዳላት አደረገች። በሳምንቱ ግልገሎቹን ተቅማጥ አጣደፋቸው። ሐኪሙም ወደ እርባታው እመቤት ሮጦ፣ «ዱቄቱን እየሰረቀች ነው፤ መኖው ውስጥ ቢገባማ ኖሮ ባልታመሙ» አላቸው። እመቤቲቱም አመኑት። ዱቄቷ ከመኖ ክፍሉ ወጥታ መጥረጊያ ተሰጣት። ወሬው ቤቷ ድረስ ዘለቀና አማቷ እንኳ ሳጥናቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ባሏ አንድም ቀን ሰርቀሻል አላላትም፤ አልሰረቀችምም ብሎ ለእናቱ አልተናገረም። ይሄ ይሄ አንጀቷን አሳረረው።

ዘንድሮ አዲስ ግልገሎች ከእናቶቻቸው ተለዩ። ሐኪሙ የዱቄቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማንም እንዳይነካበት ራሱ በሚንተከተከው ገንፎ ላይ ይነሰንስ ጀመር። ዱቄቷ በማግስቱ ጠዋት በረት ስታጥብ ፍጉን አየችው። ገብሱ ሳይፈጭ እንዳለ ወጥቷል። ነገሩ ወዲያው ገባት። ዘንድሮ ቁልፉ በሱ አንገት ላይ ነው፤ የሚያሳብብበት ሌባ የለውም። ስለዚህ እመቤቲቱ ለወርሃዊ ጉብኝታቸው እስኪመጡ አፏን ዘግታ ጠበቀች። በአስራ ስምንት ቀን ውስጥ ሰባት ግልገል በጆንያ ተሸክማ ቀበረች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የረገመችው ሐኪሙን ነበር።

እመቤቲቱ መጡና አፍንጫቸውን ይዘው በረቱ በር ላይ ቆሙ።

«ገብሱ ነው፣ እትዬ» አለ ሐኪሙ። «የዘንድሮ ገብስ አይረባም።»

ዱቄቷ መጥረጊያዋን በሩ ጋ አስደግፋ ወደ ፊት ወጣች።

«እትዬ፣ ከአንድ ድስት ሁለት ባልዲ ገንፎ ይስጡኝ። ሌባ ሆኜ ከተገኘሁ ዛሬውኑ ያባርሩኝ።»

ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። በአንደኛው ባልዲ፣ ገንፎው እየተንተከተከ ሳለ፣ ሐኪሙ እንደልማዱ ነሰነሰ። ሁለተኛውን ዱቄቷ እጇን እያስነካች አበረደችው።

«አሁን ለዚህኛው ያድርጉልኝ፣ ዶክተር» አለችው፣ በትሕትና ጎንበስ ብላ። «ከዚያው ከረጢት፣ በዚያው ማንኪያ፣ በራስዎ እጅ። እኔ ሌባ ነኝ፤ ዱቄቱን ባልነካው ይሻላል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ዘንድሮ የተሳቀባት እሷ አልነበረችም።

ሁለቱም ባልዲዎች ተከድነው ቆዩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዱቄቷ በሐኪሙ ባልዲ መሃል ጭልፋ ተከለች። ጭልፋው ቀጥ ብሎ ቆመ። በሁለተኛው ባልዲ ስትተክለው ተንጋሎ ጠርዙ ላይ ወደቀ፤ ቀድታ ስታፈሰውም እንደ ቀጭን ሾርባ ወረደ።

«ኢንዛይሙ የሞተው እዚህ ነው» አለች የቆመውን ጭልፋ እያሳየች። «እኔ አልሰረቅሁትም። ዶክተሩ ናቸው የቀቀሉት።»

የሐኪሙ ፊት በርበሬ መሰለ። የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«አልተሰማም፣ ዶክተር።»

«አልሰረቀችም!» አለ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህቺን አንዲት ቃል ነበር።

እመቤቲቱ ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በመጀመሪያው ጠዋት።»

«አስራ ስምንት ቀን! ሰባት ነፍስ እያለቀ ምነው ዝም አልሽ?»

«አምና ተናግሬ ሌባ ተባልኩ፣ እትዬ። ያን ጊዜ አንድ ባልዲ ገንፎ አምጡና እንየው ያለ ሰው አልነበረም። እርስዎም አላሉም።»

እመቤቲቱ ወደ ሐኪሙ ዞረው ወደ ቁልፉ ጠቆሙ። ሐኪሙም ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በአንደኛው ባልዲ ክዳን ላይ አስቀመጠው። ዱቄቷ ቁልፉን አንስታ ኪሷ ከተተች፤ የቀጠነውን ገንፎ ተሸክማም ወደ በረቱ ገባች። ግልገሎቹ ተጋፍተው ገንዳው ላይ ሰፈሩ። በአንደኛው ዳር የሰባት ግልገል ቦታ ክፍት ቀርቶ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ዞር አለች።

«ዶክተር፣» አለች፣ «መጥረጊያው በሩ ጋ ነው።»